የሚጮኸው ዲስኩ ነው፤ የታመመው ማን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ። ባሕር ዳር መናኸሪያው አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ኮምፒውተሬ አሮጌ ነው። በ2004 ዓ.ም. የገዛሁት፣ ዊንዶውስ 7 የተጫነበት። ካለፈው መስከረም ወዲህ እየሠራሁ ሳለ ድንገት ስታክ ያደርጋል። አንዳንዴ ጥቂት ሰከንድ ፈዞ ይመለሳል። አንዳንዴ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል። እንደገና ሳስነሳው ደግሞ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ዲስክ አላገኘሁም የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይወጣል። አጥፍቼ ትንሽ ቆይቼ ሳበራው ምንም እንዳልሆነ ሰው ይነሳል። አንድ ባለሙያ ሀርድ ዲስኩ ሞቷል ብሎኝ ቀየርኩ። የተቀየረውም በሦስት ሳምንቱ ያንኑ ጀመረ። እሱም ሞቷል ተባልኩ፤ ሦስተኛ ገዛሁ። ይኸው ሦስተኛውም እንደዚያው ሆነ። የሚገርመው፣ ሞቱ የተባሉት ሁለቱ ዲስኮች ወንድሜ ኮምፒውተር ላይ ሲገጠሙ ያለ ችግር ይሠራሉ። ጠዋት ጠዋት ደህና ነው። የሚብስበት ከሰዓት ነው፤ እሱም በየቀኑ አይደለም። የሰፈራችን ዕድር የዘጠኝ ዓመት መዝገብ እዚያ ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ የለኝም። አራተኛ ዲስክ ልግዛ ወይስ ኮምፒውተሩን ልጣለው?

መልስ፦ እህቴ፣ አራተኛ ዲስክ አትግዢ። ኮምፒውተሩንም አትጣዪው።

የመልሱን ግማሽ ራስሽ ጽፈሽዋል። ሦስት ዲስክ ተራ በተራ በአንድ ዓይነት በሽታ አይሞትም። ሞተ የተባለ ዲስክም ወንድምሽ ቤት ሄዶ ነፍስ አይዘራም። ዲስኮቹ አንቺ ጋ ሲሆኑ ይታመማሉ፣ ሌላ ቦታ ሲሆኑ ይድናሉ። ስለዚህ መመርመር ያለበት የሚገቡበት ቤት ነው።

በወረቀት ብቻ መመለስ አልሆነልኝም። እኔም እዚሁ ባሕር ዳር ስለሆንኩ ቴስተሬን (የቮልት መለኪያዬን) እና አንድ ፍላሽ ይዤ መጣሁ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። አንቺ ብዙውን አይተሻል። ግን እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ያለው ሰው ብዙ ስለሆነ ከመጀመሪያው ልጻፈው።

መጀመሪያ ያደረግሁት ኮፒ ነው። ዊንዶውሱን ሳላስነሳ፣ ከፍላሽ በሚነሳ ሊኑክስ በሚባል ሌላ ሲስተም ገብቼ የዕድሩን መዝገብና የደንበኞችሽን ጽሑፎች ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥኩ። መዝገቡ በሙሉ ሦስት ሜጋባይት አይሞላም። በስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ ያህላል። የዘጠኝ ዓመት መዋጮ፣ ማን እንደሞተ፣ ለማን ስንት እንደተሰጠ፣ ያ ሁሉ እዚያች ውስጥ ነው ያለው። እሷ ሳትወጣ አንድ ብሎን አልፈታም አልኩሽ፤ ትዝ ይልሻል።

ይህን የማጠብቀው በምክንያት ነው። ብዙ ሰው ስህተት ሲያይ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ቼክ ዲስክ፣ ዊንዶውስ ውስጥ ወዳለው የዲስክ መፈተሻ፣ ነው። ቼክ ዲስክ የፋይሎቹን ማውጫ ያስተካክላል እንጂ ዲስኩን አያክምም። በተለይ መጥፎ ቦታ ፈልግ ተብሎ ሲታዘዝ ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለሰዓታት ያስሮጠዋል። ዲስኩ እውነትም እየሞተ ከሆነ ያ ሩጫ ይጨርሰዋል። ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ መንገዱ የተበላሸ ከሆነ ደግሞ፣ በትክክል ያልደረሰውን እንደ ስህተት ቆጥሮ ደህናውን ማውጫ ሊያበላሸው ይችላል። ኮፒ ሳይወጣ ቼክ ዲስክ የሚያስነሳ ባለሙያ ካጋጠመሽ ቁም በይው።

ከዚያ ዲስኩን ራሱን ጠየቅሁት። ሀርድ ዲስክ ሁሉ ስለ ጤናው መዝገብ ይይዛል። ስማርት ይባላል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ይነበባል። አንድ ነገር እዚህ ላይ ሰው ያሳስታል። ፕሮግራሙ የመጨረሻውን ዓምድ ቁጥር ሲጽፍ በአሥራ ስድስት ቤት ነው። 10 ካለ 16 ማለቱ ነው። ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ ወደ ተራ ቁጥር መቀየር ይቻላል። ይህን ሳይቀይር የደነገጠም ያልደነገጠም ደንበኛ አይቻለሁ።

ያንቺ ሦስተኛ ዲስክ እንዲህ ይል ነበር። 05 የሚለው መስመር ዜሮ። ይህ ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ቦታዎች ቁጥር ነው። ዜሮ ከሆነ ከሳህኑ፣ መረጃው ከሚጻፍበት ከሚዞረው ክብ ገጽ፣ እስካሁን የተተካ ቦታ የለም ማለት ነው። ሲ5 ላይ 4 አለ። ማንበብ አቅቶት ጉዳያቸው በቀጠሮ ያለ አራት ቦታዎች ናቸው። ሲ7 ላይ ደግሞ 1,386።

ሲ7ን ሳይ ደስ አለኝ። ይህ ቁጥር የሚቆጥረው በዲስኩና በማዘርቦርዱ (በኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) መሐል ሲተላለፍ መንገድ ላይ የተበላሸውን ነው። ላኪው የላከውና ተቀባዩ የተቀበለው አልገጥም ሲል አንድ ይጨምራል። የዲስኩ ገጽ በዚህ ውስጥ የለበትም። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ኬብል ነው።

ክዳኑን ስከፍት ቀዩ የዳታ ኬብል ከጎን ክዳኑ ጋር ተጣብቆ፣ አንገቱ ላይ ታጥፎ ነበር። ሁለቱም ጫፍ ላይ የብረት መቆለፊያ የለውም። የዲስኩን ጫፍ በጣቴ ነካ ሳደርገው ሳልስበው ወጣ። የውስጡ ወርቃማ መስመሮች ጠቁረዋል። ሦስቱም ዲስኮች የገቡት በዚሁ ኬብል ነው። ዲስክ የቀየረው ሰው ሁለት ጊዜ ነቅሎ ሁለት ጊዜ ሲሰካው አንዴ እንኳ አላየውም። ይሄ ያናድደኛል። ኬብሉ ከዲስኩ ጋር ሲወዳደር ዋጋው ምንም አይደለም። ሰው ግን ለዲስኩ የወር ገቢውን ከፍሏል።

መቆለፊያ ያለው አዲስ ኬብል ገጠምኩ። ሶኬቱንም ማዘርቦርዱ ላይ ወደ ሌላ ቦታ አዛወርኩት። ትልቅ ፋይል ወዲያና ወዲህ አመላለስኩ። 1,386 እንዳለ ቆመ። ሲ7 ወደ ኋላ አይመለስም። አንዴ የተቆጠረ ለዘላለም እዚያው ነው። ስለዚህ መታየት ያለበት መብዛቱ ሳይሆን መጨመሩ ነው። ቆሟል፤ በቃ ጨርሻለሁ ብዬ ሄድኩ።

ተሳስቼ ነበር። በስድስተኛው ቀን ደወልሽ። "ጋሼ፣ ያው ነው" አልሽኝ።

ሁለተኛው ቀን ስመጣ የረዳኝ፣ በመጀመሪያው ቀን ቁጥሮቹን በሙሉ ማስታወሻዬ ላይ ጽፌ መሄዴ ነው። ሲ7 አሁንም 1,386 ነው። ኬብሉ እውነትም ታሞ ነበር፣ እውነትም ድኗል። ግን ዜሮ ሲ የሚለው መስመር ላይ ዓይኔ አረፈ። ይህ ዲስኩ ከተሠራ ጀምሮ ስንት ጊዜ ኃይል እንዳገኘ ይቆጥራል። በመጀመሪያው ቀን 2,214 ነበር። አሁን 2,251 ሆኗል። በስድስት ቀን 37 ጊዜ። ስንት ጊዜ አበራሽው ብዬ ስጠይቅሽ ጠዋት ማብራቱን፣ መብራት የሄደበትን፣ ስታክ ሲያደርግ ያስነሳሽውን በጣትሽ ቆጠርሽልኝ። ቢበዛ 12። የቀረው 25 ታዲያ ከየት መጣ? ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ ዲስኩ ብቻውን 25 ጊዜ ጠፍቶ በርቷል።

ይህን መስመር ባለሙያዎችም ብዙም አያዩትም። እኔም ለብዙ ዓመት ዘልየው አልፍ ነበር። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ግን ትልቅ ነገር ይናገራል።

ያቺ ሲ5 ላይ ያለች 4 ቁጥርም የተፈታችው ያኔ ነው። ዲስኩ እየጻፈ ሳለ ኃይል ከከዳው የጀመረው ቦታ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ይቀራል። በኋላ ሲያነበው ሒሳቡ አልገጥም ይለዋል፤ መጥፎ ቦታ ነው ብሎ በቀጠሮ ያስቀምጠዋል። ኮፒው በእጃችን ስለነበር ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ጻፍኩበት። አራቱም ጠፉ። ሲ5 ዜሮ ሆነ፣ 05ም ከዜሮ አልተነቃነቀም። ቦታዎቹ ቆስለው ቢሆን ኖሮ 05 ላይ ተመዝግበው ይቀሩ ነበር።

ሦስተኛው ቀን ዓርብ ነበር። ሆን ብዬ ከሰዓት መጣሁ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ከዲስኩ የኃይል ሶኬት ቢጫ ሽቦ፣ ሌላውን ከጥቁሩ ጋር አያይዤ ተቀመጥን። ቢጫው 12 ቮልት የሚያመጣው ነው። የዲስኩን ሞተር የሚያዞረው እሱ ነው። ደረጃው የሚፈቅደው ከ11.4 እስከ 12.6 ነው። ያንቺ 11.6 ይላል። ዝቅ ብሏል፣ ግን ከወሰን አልወጣም። ቡና አፈላሽልን። አቦሉን ጠጣን። ምንም የለም።

ከ9 ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል አምፖሉ ፈዘዝ አለ። ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤትሽ ምጣዳቸውን ሰክተው ነው። ለምግብ ቤቶች እንጀራ የሚጋግሩት እናት። ቴስተሩ 11.2 አለ፣ ከዚያ 10.8፣ ከዚያ 10.7። ዲስኩን ሰማሁት። ወደ በዛዊት ዳገት የሚወጣ ባጃጅ ማርሽ ሲቀይር እንደሚያደርገው ድምፁ ወረደ፣ ጭጭ አለ፣ እንደገና ከታች ተነስቶ ጮኸ። ስክሪኑ ላይ ሰዓቱን የምታሳየው ምልክት መዞር ጀመረች። አንቺም "ይኸው! ይኸው!" አልሽ።

የግድግዳውን ሶኬት ለካሁት። ምጣዱ ሲነቀል 219 ቮልት፤ ሲሰካ 176። የኮምፒውተርሽ ፓወር ሳፕላይ (ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን) ላይ የተለጠፈው ወረቀት ከ200 እስከ 240 ነው የሚለው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ቀላል ነገር አይደለም። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። የእሳቸውም ያንቺም ክፍል የሚመገበው በግቢው ውስጥ ዞሮ በሚመጣ አንድ ቀጭን ሽቦ ነው። ያን ያህል ኃይል በቀጭን ሽቦ ሲሄድ ቮልቱ መንገድ ላይ ያልቃል። ጎረቤትሽ ምንም አላጠፉም። ሽቦው ነው ያነሰው።

እንግዲህ ለምን ኮምፒውተሩ በሙሉ አይጠፋም፣ ለምን ዲስኩ ብቻ? ፕሮሰሰሩ ከዚያው 12 ቮልት ይወስዳል። ግን ማዘርቦርዱ ላይ ወደ 1 ቮልት አካባቢ ተመትሮ ወርዶ ነው የሚደርሰው። ትንሽ ቢጎድል ችሎ ያልፈዋል። የዲስኩ ሞተር ግን 12 ቮልቱን በቀጥታ ነው የሚበላው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 120 ጊዜ መዞር አለበት። አንባቢው ጭንቅላት በዚያ ዙር በሚነሳው አየር ላይ ተንሳፍፎ ነው ያለው። ከሳህኑ የሚርቅበት ክፍተት ከሰው ፀጉር ውፍረት ጋር እንኳ ለንጽጽር አይቀርብም። ዙሩ ከወረደ ሳህኑን እንዳይፍቀው ቶሎ ወደ ማረፊያው ይመለሳል። ያኔ ዊንዶውስ ሲጠራው ዲስኩ የለም። ስህተቱም የሚጻፈው በዲስኩ ስም ነው።

ደህና የሆነ ፓወር ሳፕላይ ይህን ጉድለት በተወሰነ ደረጃ ይሸከመዋል። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ቤት ላይ እንዳለ ሮቶ ናቸው። የቧንቧው ውሃ ሲቀንስ ከሮቶው ይወርዳል። ያንቺን በማራገቢያው ወንፊት በኩል በስልክ መብራት ስናየው የሦስቱ ካፓሲተሮች አናት አብጦ ነበር። ጠፍጣፋ መሆን የነበረበት እንደ ዳቦ ተነፍቷል። አንደኛው ጫፍ ላይ ቡናማ ነገር ወጥቶ ደርቋል። ሮቶው ተሰንጥቋል ማለት ነው። አንድ ነገር አደራ፦ ይህን ሳጥን ማንም ያለ ሙያው እንዳይከፍት። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ከ300 ቮልት በላይ ታጉሮ ሊቆይ ይችላል። በወንፊቱ ማየት ይበቃል።

ፓወር ሳፕላዩን ቀየርን። አዲሱ ምጣዱ ተሰክቶም 11.9 ላይ ይቆማል። ግን ሽቦው እንዳለ ከቀጠለ አዲሱንም ቀስ በቀስ ያደክመዋል። ስለዚህ ከአከራይሽ ጋር ተነጋገሩ። ለምጣዱ ከቆጣሪው በቀጥታ የሚመጣ የራሱ መስመር፣ ቢያንስ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ከራሱ ብሬከር ጋር። ለጎረቤትሽም ይጠቅማቸዋል። በ176 ቮልት የሚሞቅ ምጣድ ከኃይሉ ሲሶ በላይ ያጣል፤ እንጀራቸው ለምን ዓይን አላወጣም ብለው ሲቸገሩ ቆይተው ይሆናል። እስከዚያው ደህና ስታብላይዘር ግዢ። ክረምት ሲገባ፣ ሐይቁ ላይ ሲያስገመግም፣ ነቅለሽ ተቀመጪ። መብረቅን ስታብላይዘር አይመልሰውም።

ራሙንም፣ ኮምፒውተሩ እየሠራ ሳለ መረጃ የሚይዝበትን፣ ፈትሼዋለሁ። የተበላሸ ራም ፋይል ሲያበላሽ ዲስክ ያበላሸ ይመስላል። ሜምቴስት የሚባለውን የራም መፈተሻ አንድ ሌሊት አሳደርኩበት፤ ንጹሕ ነው።

ሞቱ የተባሉትን ሁለት ዲስኮች ከወንድምሽ አምጥተሽ አሳየሽኝ። የመጀመሪያው 05 ላይ 24 አለው። ሳምንት ሙሉ አልጨመረም። ሁለተኛው ዜሮ ነው። እነሱን አትጣያቸው። የዕድሩን መዝገብ በሁለቱም ላይ ገልብጬልሻለሁ። አንዱን ወንድምሽ ቤት አስቀምጪ፤ አንዱን የዕድሩ ጸሐፊ ይያዙት። በየወሩ መጨረሻ አዲሱን ገልብጪበት።

ዲስክ እውነትም የሚሞትበት ጊዜ አለ። ሌሎች አንባቢዎች ይህን መልስ አንብባችሁ ዲስካችሁን አትመኑት። 05 ዛሬ 8፣ ነገ 40፣ ከነገ ወዲያ 200 ካለ፣ ሲ5 ሲጻፍበትም ካልወረደ፣ ወይም ዲስኩ ቀጭ ቀጭ እያለ ደጋግሞ የሚያንኳኳ ከሆነ፣ ያ ኬብልም ምጣድም አይደለም። አጥፉት። ደጋግማችሁ አታብሩት። እያንዳንዱ ማብራት ከቀረው ዕድሜ ላይ ነው የሚቀነሰው።

ጥያቄ፦ በጡረታ ላይ ያለሁ መምህር ነኝ፤ የምኖረው ጎርጎራ ነው። አሮጌ ፔንቲየም 4 ኮምፒውተር አለኝ፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነበት። ምንም ስህተት አይጽፍም፤ ግን ከጊዜ ወደ ጊዜ እየዘገመ አሁን አንድ ጽሑፍ እስኪከፍት አንድ ምዕራፍ አነባለሁ። ቫይረስ አለመኖሩን አስፈትሻለሁ። ፎርማት ይደረግ አሉኝ። ላድርገው?

መልስ፦ መምህር፣ ፎርማቱን ያቆዩት። የእርስዎም ዲስክ እንደ ላይኛዋ እህታችን ዲስክ መንገዱ ታሞበት ይሆናል፤ ልዩነቱ ኤክስፒ ችግሩን በዝምታ መያዙ ነው።

ኤክስፒ ከዲስኩ ጋር ሲነጋገር ስህተት ሲደርስበት ይቆጥራል። ድምሩ 6 ሲሞላ ፍጥነቱን በአንድ ደረጃ ያወርደዋል። እንደገና ከተሳሳተ እንደገና ያወርደዋል። መጨረሻ ላይ ፒአይኦ ወደሚባለው ወደ ድሮው አሠራር ይወድቃል። እዚያ ላይ እያንዳንዷን ቁራሽ ፕሮሰሰሩ ራሱ በእጁ ያመላልሳል። መዝገም የሚጀምረው ያኔ ነው። የሚያስቸግረው፣ ችግሩ ቢያልፍም በራሱ ተመልሶ አይወጣም።

ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ገብተው ፕራይመሪ አይዲኢ ቻናል የሚለውን ይክፈቱ። አሁን እየሠራበት ያለው ፒአይኦ ነው ካለ ነገሩ ይኸው ነው። ያንን ቻናል አንኢንስቶል ያድርጉትና ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሱት። ኤክስፒ እንደ አዲስ አግኝቶ ወደ ፈጣኑ ይመልሰዋል። ከዚያ በፊት ግን ጽሑፎችዎን በፍላሽ ያውጡ።

ኬብሉ ካልተቀየረ 6ቱ ስህተት ተመልሶ ይሞላል። ጠፍጣፋውን ሰፊ ኬብል በደንብ ይዩት። መስመሮቹ ወፈር ብለው በዓይን የሚቆጠሩ ከሆነ ባለ 40 ሽቦ ነው፤ ለርስዎ ዲስክ አይሆንም። ቀጫጭን ከሆኑ ባለ 80 ነው፤ የሚፈልጉት እሱን ነው። ሰማያዊው ጫፍ ማዘርቦርዱ ላይ፣ ጥቁሩ ጫፍ ዲስኩ ላይ ይገባል። ጎንደር ወይም ባሕር ዳር የአሮጌ ዕቃ ጠጋኞች ጋ አይጠፋም፤ ሰው ሲመጣ ይላኩ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀኑን የሚረሳ ከሆነም በዚያው 2032 የሚባለውን ክብ ባትሪ ያስመጡ።

ጥያቄ፦ የፖሊ ተማሪ ነኝ። ዲስኬ ማንበብ አቁሟል። ጓደኛዬ ፍሪዘር ውስጥ አሳድረው ይሠራል አለኝ። ደግሞ በቅርቡ ለጥናት ሰሜን ተራሮች እንወጣለን፤ ላፕቶፔ ሀርድ ዲስክ ያለው ነው። ከፍታ ይጎዳዋል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፍሪዘሩን ተወው። ይህ ወሬ ከድሮ ዲስኮች ጀምሮ ሲዞር የኖረ ነው። ቀዝቃዛ ዲስክ ወደ ባሕር ዳር አየር ሲወጣ ምን እንደሚሆን ለማየት ከፍሪጅ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ ተመልከት። ያ ጠል ሳህኑ ላይም ሊያዝ ይችላል፤ ጭንቅላቱ ደግሞ የሚሄደው ከዚያ ጠብታ እጅግ በሚያንስ ክፍተት ነው። መጀመሪያ ኬብል ቀይር፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞክረው። ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ስሙን ካየው፣ በሊኑክስ ላይ ዲዲረስኪው በሚባል ፕሮግራም ኮፒ አውጣ። እሱ ደህናውን ቦታ መጀመሪያ ይገለብጣል፣ አስቸጋሪውን ለመጨረሻ ያቆያል።

ከፍታው እውነት ነው። ጭንቅላቱ የሚንሳፈፈው በአየር ስለሆነ አየሩ ሲሳሳ ወደ ሳህኑ ይቀርባል። አብዛኞቹ አምራቾች እየሠራ ሊወጣ የሚችልበትን ጣሪያ 3,048 ሜትር ብለው ጽፈውታል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ናት፤ ምንም አይልህም። ደባርቅም ከጣሪያው በታች ነው። የካምፕ ቦታው ሳንቃበር ግን ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ ጨነቅ ከ3,600 በላይ። ጠፍቶ በቦርሳ ቢሄድ አይጎዳም፤ ጉዳቱ ሲሠራ ነው። ስለዚህ ደባርቅ ላይ አጥፋውና ካምፕ ውስጥ አትክፈተው። የምትሰበስበውን መረጃ በደብተርና በስልክህ ያዝ፤ ስልክ ውስጥ የሚዞር ሳህን የለም። ደባርቅ ስትመለስ ላፕቶፑ የተራራው ብርድ እስኪወጣለት አንድ ሁለት ሰዓት ቦርሳው ውስጥ ይቆይ፤ ከዚያ አብራው።